አዲስ ጀበናና አዲስ ምጣድ እንዴት ይሟሻል?

የመጀመሪያ ጀበናዬ አብሮኝ አንድ ቀን እንኳ አልዋለም። ጅማ፣ ግንጆ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ለብቻዬ መኖር የጀመርኩ ሰሞን ነው። ሐሙስ ዕለት ሂርማታ መርካቶ ወርጄ ገዛሁት። ቤት እንደገባሁ በሳሙና አጠብኩት። ውኃ ሞላሁበትና ቡታጋዝ ላይ ጣድኩት። እሳቱንም እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከሆዱ ተነሥቶ እስከ ጆሮው የሚደርስ፣ ፀጉር የሚያክል መስመር ወጥቶበታል። ውኃው በመስመሩ ወርዶ እሳቱን አጠፋው።

አከራዬ ድምፁን ሰምተው መጡ። ጀበናውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አላሟሸሽውም እንዴ፣ ልጄ?»

«በደንብ አጥቤዋለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«መታጠብና መሟሸት አንድ ሆኖ ነው?»

ያን ቀን በጣም አዘንኩ። የገንዘቡ ነገር ቶሎ ይረሳል። አንዲት ሴት አፈር ቆፍራ፣ አቡክታ፣ በእጇ አለስልሳ፣ ተኩሳ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ያወጣችው ዕቃ በእኔ ችኮላ መሰንጠቁ ነው ያልወጣልኝ። ማሟሸትን የተማርኩት ከእትዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጓደኞቼም ብዙ ጀበናና ምጣድ አሟሽቻለሁ። አዲስ ሸክላ ገዝታችሁ ከሆነ እሳት ላይ ከመጣዳችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ሸክላ ለምን ይሟሻል?

የእኛ ሸክላ የሚተኮሰው ሜዳ ላይ፣ በእንጨት፣ በገለባና በኩበት ነው። ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ 1,000 ዲግሪ አይደርስም። ቡና የምንጠጣበት የፖርሴሊን ሲኒ ግን ከ1,200 ዲግሪ በላይ የተተኮሰ ነው። በዚያ ሙቀት አፈሩ እንደ መስተዋት ይገጥማል። ጀበናው አይገጥምም። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይቀሩበታል። በእነዚያ ቀዳዳዎች ውኃም፣ ዘይትም፣ ሽታም ይጠጣል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይመጣል። ቀዳዳው ውስጥ ውኃ እያለ እሳቱ በድንገት ከበረታ ውኃው እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። መውጫ ካጣ ግድግዳውን ሰንጥቆ ይወጣል። በዚያ ላይ እሳት የነካው ቂጡ ሲሰፋ ቀዝቃዛው አንገት ባለበት ይቆያል። ይህ መሳሳብ ብቻውን ጀበና ይሰብራል።

ሌላው፣ ሸክላ መጀመሪያ የጠጣውን ነገር ቶሎ አይለቅም። ሳሙና ያጠጣችሁት ጀበና በሞቀ ቁጥር ሳሙናውን ይመልስላችኋል። ቡና ያጠጣችሁት ደግሞ ቡና ቡና ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ነገር መርጣችሁ የምትሰጡት እናንተ መሆን አለባችሁ። ማሟሸት ማለት በአጭሩ ይኸው ነው፤ ቀስ አድርጎ እሳት ማልመድ፣ ቀዳዳውንም በምትፈልጉት ነገር መሙላት።

ኖርዌይ የሚኖረው ወንድሜ አንድ ቀን በቪዲዮ ሲደውልልኝ ስኪውን እየተኮሰ ነበር። በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ረጅምና ቀጭን ሳንቃ ማለቴ ነው። አዲስ ገዝቶት ነው። ሰም በካውያ እያቀለጠ ከሥሩ ይቀባዋል። ሲቀዘቅዝ ይፍቀዋል፣ በብሩሽ ይቦርሸዋል፣ ከዚያ እንደገና ይቀባዋል። «ስንቴ ነው የምትቀባው?» አልኩት። «የታችኛው ፕላስቲክ ሰም ይጠጣል። ደጋግመሽ ካላጠጣሽው በረዶው ላይ አይሄድልሽም» አለኝ። «እንግዲያው እያሟሸኸው ነዋ!» አልኩት። ቃሉን በጣም ወደደው። እኔም ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ማጠጣት የሚለው ነገር ይበልጥ ገባኝ። አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ መስጠት።

ስትገዙ

ግማሹ ሥራ የሚያልቀው ገበያ ላይ ነው። ጀበናውን በአንድ እጃችሁ አንገቱን ይዛችሁ አንጠልጥሉት። በሌላው እጃችሁ የጣት አንጓ ሆዱን ኳ ኳ አድርጉት። ጤነኛ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀ ወይም በደንብ ያልተተኮሰ ደግሞ ድምፁ የታፈነ ነው። ሁለት ሦስት ጀበና አከታትላችሁ ብትመቱ ልዩነቱን ጆሯችሁ ወዲያው ይለየዋል።

ከዚያ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። በተለይ ጆሮውና መቅጃው ከሆዱ ጋር የተጣበቁበትን ቦታ እዩ። ስንጥቅ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከመጋጠሚያው ነው። አንገቱ ጠማማ ቢሆን ግድ የለም፤ መጋጠሚያው ግን ይጥበቅ።

አንድ ነገር አደራ። ለጌጥ ተብሎ ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ጀበና ለቡና አትግዙ። መደርደሪያ ላይ ያምራል፣ እሳት ላይ ግን ቀለሙ ወደ ቡናው ይሄዳል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ነጭ እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ውጪውን ፈተግ አድርጉት። ትንሽ ጥላሸት ቢለቅ ያለ ነው። ጨርቁን አሽትቱት። የጫማ ቀለም ወይም የቤት ቀለም ከሸተታችሁ መልሱት።

ከሻጯ ጋር አውሩ። መቼ እንደተተኮሰ፣ ዝናብ ነክቶት እንደሆነ ጠይቁ። ሸክላን ከሠራችው ሴት በላይ የሚያውቀው የለም። እኔ ሁለተኛውን ጀበናዬን የገዛሁባቸው እናት ገንዘቡን ተቀብለው ጀበናውን ወዲያው አልሰጡኝም። በሁለት እጃቸው እንደያዙት፣ «ሱታ፣ ልጄ። ሱታ ሱታ» አሉኝ። ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ያን ቃል ጀበና በጣድኩ ቁጥር እሰማዋለሁ።

ጀበናውን ማሟሸት

በጠቅላላው አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ሥራው ግን በቀን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ የቀረው መጠበቅ ነው።

በመጀመሪያ አድርቁት። አፉን ከፍታችሁ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ሁለት ቀን አስቀምጡት። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ በክረምት ሸክላ እንደ በጋው አይደርቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሆነ የገዛችሁት፣ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩለት። ምድጃ አጠገብ፣ ሙቀቱ በሚደርስበት ግን እሳቱ በማይነካው ቦታ ይቀመጥ።

ቀጥሎ እጠቡት። ለብ ያለ ውኃ ብቻ፤ ሳሙና ፈጽሞ አይንካው። ውስጡ ያለውን ልቅ አፈር ለማውጣት አንድ እፍኝ ገብስ ከውኃ ጋር ጨምሩና አፉን በመዳፋችሁ ከድናችሁ ናጡት። ገብሱ እጃችሁ የማይደርስበትን ቦታ ይፍቅላችኋል። ድፍርሱን ደፍታችሁ እንደገና። ውኃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ ይፈልጋል።

ከዚያ ውኃ ሙሉትና ሳሕን ላይ አስቀምጣችሁ እደሩ። ጠዋት ውጪውን በእጃችሁ ዳስሱት። እርጥብ ከሆነ እያላበ ነው፤ ይህ ያለ ነው። ሳሕኑ ላይ ውኃ ከተጠራቀመ ግን ከየት እንደወረደ ፈልጉ። በአንድ ቦታ ብቻ ጠብ ጠብ ካለ ስንጥቅ አለው ማለት ነው፤ ለሻጯ መልሱላት። ካልፈሰሰ ውኃውን ደፍታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። እስከዚያው ድረስ የቡና አተላ አጠራቅሙ። እናንተ ቤት ቡና የሚፈላበት ሌላ ጀበና ከሌለ ጎረቤት ጠይቁ። ጅማ ውስጥ የቡና አተላ የሚከለክል ጎረቤት አላጋጠመኝም። የጮጬ ሰው «ቡና የተገኘው እኛ ዘንድ ነው» ይላል፣ የካፋም ሰው እንዲሁ፤ ለአተላው ግን ማንም አይጣላም። ሁለት ሲኒ ሙሉ አተላ ይበቃል።

አተላውን ጀበናው ውስጥ ጨምሩና ከሆዱ ሁለት ሦስተኛ እስኪደርስ ለብ ያለ ውኃ ሙሉበት። ከሰል አያይዙና ፍም ሲሆን ከላዩ ስስ አመድ ነስንሱበት። እጃችሁን ከፍሙ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ሳትቸገሩ አምስት ድረስ መቁጠር ከቻላችሁ ለመጀመሪያ ቀን ልኩ እሱ ነው። ያኔ ጀበናውን አስቀምጡት። በየጥቂት ደቂቃው ጆሮውን በጨርቅ ይዛችሁ ትንሽ ትንሽ አዙሩት፤ ሙቀቱ በአንድ ጎን እንዳይከማች።

እስኪፈላ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ደስ ይበላችሁ። የጅማ ከፍታ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውስጡ ውኃ እስካለ ድረስ የጀበናው ውስጠኛ ግድግዳ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ውኃው ጀበናውን ከእሳቱ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ባዶ ጀበና እሳት ላይ አይቀመጥም የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከፈላ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በዝግታ ይንተክተክ። መጀመሪያ እርጥብ አፈር ይሸታችኋል። ልክ የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ላይ ሲወርድ የሚሸተው ዓይነት። ቆይቶ የቡናው ሽታ ያሸንፈዋል። ያን ጊዜ ፍሙን ከሥሩ አውጡና ጀበናውን እዚያው ተዉት። በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ትኩሱን አንሥቶ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያሳርፈዋል ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ያለቀልቀዋል። ማቶት ላይ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ።

ሲቀዘቅዝ ድፉት። የመጀመሪያው ፍላት ውኃ ቀላ ያለና ጭቃ የመሰለ ነው። በማግሥቱ በአዲስ አተላ ድገሙት። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ውኃው ንጹሕ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። ካልሆነ አራተኛ ይጨመር። ስትጨርሱ ንጹሕ ውኃ አፍሉበትና ቀዝቅዞ ቅመሱት። አፈር አፈር ካለ ገና ነው።

ሦስት ጊዜ ፈልቶም ማላቡን ካልተወ ስስ የአጃ አጥሚት ውስጡ አፍሉበት። ወፍራም አይሁን። በዝግታ ተንተክትኮ እዚያው ሲቀዘቅዝ ቀዳዳውን ይደፍናል። ከዚያ አለቅልቃችሁ አድርቁት። አንዳንድ ቤት በወተት ያሟሻሉ። እኔ አልመክርም። ወተት ሸክላ ውስጥ ከገባ በደንብ አይወጣም፤ ጀበናው ጥቂት ቀን ሥራ ሲፈታ ይሸታል። በወተት አሟሽተው የተዋጣላቸው እናቶች አሉ፤ እነሱ ግን በየቀኑ ሦስት ጊዜ የሚያፈሉ ናቸው።

የመጀመሪያውን እውነተኛ ቡና ስታፈሉ ቆንጆውን ቡናችሁን አታውጡ። አቦሉን ቅዱና ድፉት። ቶናውን ቅመሱት። በረካው ላይ ስትደርሱ ጀበናው የእናንተ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ምጣዱን ማሟሸት

ምጣድ ከጀበና ይለያል። ጀበና ውኃ ይዞ ነው እሳት የሚያየው፤ ምጣድ ግን ደረቁን ነው። ስለዚህ ይበልጥ ይፈራል። በሌላ በኩል ቀዳዳውን የሚሞላው ቡና ሳይሆን ዘይት ነው።

ስትገዙ ፊቱን በመዳፋችሁ ዳስሱት። ሻካራ ቦታ ካለው እንጀራው እዚያ ላይ ይይዛል። ቀጥ ያለ እንጨት በላዩ አጋድማችሁ እዩ። መሐሉ የጎደጎደ ከሆነ ሊጡ እዚያ ይጠራቀማል፤ እንጀራውም መሐሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ስስ ይሆናል።

ምጣዱን እንደ ጀበናው አድርቁት። በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ጥረጉ፤ አትንከሩት። ከዚያ ጉልቻው ላይ አስቀምጡና ሥሩ ጥቂት ጭራሮ ብቻ አንድዱ። ለብ ሲል እሳቱን አጥፉና ይቀዝቅዝ። እንደገና አንድዱ፤ አሁን ትንሽ ጨምሩ። ይቀዝቅዝ። ይህን ሁለት ጊዜ ካደረጋችሁ በኋላ በሦስተኛው ሙሉ ሙቀት ስጡት። ውኃ ጠብ ስታደርጉበት ጠብታው ዘሎ ከሄደ ደርሷል።

አንድ ሲኒ ጎመን ዘር ውቀጡ። ደቃቅ መሆን የለበትም፤ ዘይቱ እስኪወጣ ድረስ ብቻ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ማሰሻ አዘጋጁ። ናይለን የተቀላቀለበት ጨርቅ ይቀልጥና ምጣዱ ላይ ይጣበቃል። የተወቀጠውን ጎመን ዘር ትኩሱ ምጣድ ላይ በትኑና በማሰሻው ከመሐል ወደ ጠርዝ እያዞራችሁ እሹት። ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ መስኮቱን ክፈቱ። ሲጠቁር ጥረጉትና በአዲስ ጎመን ዘር ድገሙት። አራት አምስት ጊዜ ያስፈልገዋል።

በየዙሩ የምጣዱ ፊት ሲለወጥ ታያላችሁ። ቀይ የነበረው ይጠይማል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ማብረቅ ይጀምራል። ዘይቱ በሙቀት ደርቆ ጠንካራ ልባስ እየሆነ ነው። ዘይት በብዛት ማፍሰስ አያፈጥነውም። እንዲያውም የበዛው ዘይት ሙጫ ይሆንና ሊጡን ይይዛል። ስስ፣ ደጋግሞ።

የመጀመሪያውን እንጀራ በጥሩ ሊጥ አትሞክሩ። ከዕቃው ሥር የቀረውን ቀጠን አድርጉና በዚያ ጀምሩ። ይይዛል። አትደንግጡ፣ ቢላም አታንሡ። በእንጨት ወይም በሰፌድ ጠርዝ ቀስ አድርጋችሁ ላጡት፤ ጎመን ዘር አሱበትና ሁለተኛውን ጋግሩ። እኔ የመጨረሻውን ምጣዴን ሳሟሽ ሦስቱ ተበጣጠሱ። በአራተኛው አክንባሎውን ሳነሣ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። እንፋሎቱ ሲገለጥ ዓይኑ ሞልቶ ይታያል። ጠርዙም ዙሪያውን በራሱ ተነሥቶ ነበር። ሰፌዱን ከሥሩ ሳስገባ ምንም አልያዘኝም። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ቀን ማስታወስ ይከብደኛል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ

ፊቱ ያው ሸክላ ስለሆነ አሠራሩ አንድ ነው። ልዩነቱ እሳቱን በማብሪያ ማጥፊያው መቆጣጠራችሁ ነው። አምስት ደቂቃ አብሩት፣ አጥፉት፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከዚያ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ወደ ጎመን ዘሩ እለፉ። ሥሩ ያለው ሽቦ ውኃ እንዳይነካው ምጣዱን በጭራሽ ውኃ አታፍስሱበት።

መስመሩንም አስቡበት። የቤት ኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። በ220 ቮልት ይህ ወደ 16 አምፒር ይጠጋል። በቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ከሰካችሁት ገመዱ ይቀልጣል። ለብቻው ወፍራም ሽቦና የራሱ ማጥፊያ (ብሬከር) እንዲኖረው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ንገሩ።

ከተሟሸ በኋላ

ጀበናውን በሳሙና አትጠቡት፤ ዛሬም ነገም። ቡና ካለቀ በኋላ አተላውን ድፉ፣ በሙቅ ውኃ አለቅልቁ፣ አፉን ከፍታችሁ አስቀምጡ። ውታፉን ለየብቻው አድርቁት። እርጥብ ጀበና ውስጥ ውታፍ ተክታችሁ ካደራችሁ በሁለት ቀን ይሻግታል። ከሻገተ ውኃ አፍሉበትና ድፉ፣ ከዚያ በአተላ አንድ ጊዜ አሟሹት።

ምጣዱ ከአንድ ወር በላይ ሥራ ከፈታ፣ ወይም ቤት ስትቀይሩ ዝናብ ከነካው፣ እንደ አዲስ ቁጠሩት። ይድረቅ፣ ለብ ይበል፣ ጎመን ዘር ሁለቴ ይለፍበት። የመጀመሪያውን ያህል አይፈጅም፤ አንድ ጠዋት ይበቃዋል።